አንድ ዙር በአንድ ዳኛ ወረቀት ላይ፦ ስለ ሃግለርና ሌናርድ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአማርኛ የስፖርት ፕሮግራም ለምታዘጋጁ ጋዜጠኞች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ለምትኖሩ የቦክስ ወዳጆች

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ከአሜሪካውያኑ ቦክሰኞች ከማርቪን ሃግለርና ከሹገር ሬይ ሌናርድ ማን ይበልጣል በሚል የሚደረገው ክርክር አርባ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። ሃግለር እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2021 ካረፈ በኋላ እንደ አዲስ ጋለ እንጂ አልበረደም። ተከራካሪው በሁለት ጎራ ቆሟል። አንዱ «ሌናርድ ፊት ለፊት ገጥሞ አሸንፎታል፤ ነገሩ አለቀ፤ ሌናርድ ይበልጣል» ይላል። ሌላው «ሃግለር ተዘርፏል፤ ስለዚህ የሚበልጠው እሱ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። የሁለት ሰዎችን የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ምሽት ላይ ይሰቅሉታል። ያ ምሽት ራሱ የተንጠለጠለው በአንድ ዳኛ ወረቀት ላይ በተጻፈ አንድ ዙር ነው። ይህን በቁጥር እናሳያችኋለን፤ ከዚያም የምንጠይቃችሁ ነገር አለን። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወረቀቱ እንጀምር። ሃግለር የመካከለኛ ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሌናርድን የገጠመበት ግጥሚያ የተካሄደው ኤፕሪል 6 ቀን 1987፣ በእኛ መጋቢት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በላስ ቬጋስ ሲዘርስ ፓላስ ነው። የመሐል ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ነበር። ከሪንጉ ዳር የተቀመጡት ሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች የጻፉት ይህ ነው፦ ዴቭ ሞሬቲ 115 ለ 113 ለሌናርድ፣ ሉ ፊሊፖ 115 ለ 113 ለሃግለር፣ ጆጆ ጌራ 118 ለ 110 ለሌናርድ።

አንድን ዙር ያሸነፈ 10 ነጥብ፣ የተሸነፈ 9 ነጥብ ያገኛል። የወደቀ ካለ የወደቀው ብዙ ጊዜ 8 ይሰጠዋል። በዚያ ምሽት ግን የወደቀም ነጥብ የተቀነሰበትም የለም። ስለዚህ ሂሳቡ ንጹሕ ነው፤ ከ12 ዙር 7 ያሸነፈ 70 እና 45 ተደምሮ 115 ያገኛል፣ 5 ያሸነፈው ደግሞ 50 እና 63 ተደምሮ 113። ጌራ የጻፈው 118 ለ 110 ማለት 10 ዙር ለሌናርድ፣ 2 ዙር ለሃግለር ማለት ነው።

አሁን ሞሬቲ ለሌናርድ ከሰጣቸው 7 ዙሮች አንዱን ብቻ አንስታችሁ ለሃግለር ስጡ። ወረቀቱ 114 ለ 114 ይሆናል። አንድ ዳኛ ለሌናርድ፣ አንድ ለሃግለር፣ አንዱ እኩል፤ ግጥሚያው በአቻ ያልቃል፣ ቀበቶውም ከሃግለር ወገብ አይወርድም። ሁለት ዙር ብታነሱ ደግሞ ሃግለር በነጥብ አሸናፊ ይሆናል። የጌራን ወረቀት ይዛችሁ ያንኑ ውጤት ለማምጣት ግን ለአቻ 4 ዙር፣ ለሃግለር ድል 5 ዙር ማዛወር ያስፈልጋል። «ሃግለር ተዘረፈ» የሚሉ ሁሉ የሚያነሱት ጌራን ነው፤ ወረቀቱ በጣም የሰፋ መሆኑን እኛም እንስማማለን። ነገር ግን ጌራ 115 ለ 113 ጽፎ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነበር። የወረቀቱ ስፋት ያናድዳል እንጂ አሸናፊ አይቀይርም። ክርክሩ መሄድ ያለበት ወደ ሞሬቲ 7 ዙሮች ነው፤ ከእነዚያ የትኛው አጠራጣሪ ነበር? ይህን ጥያቄ ግን ከስንት ውይይት አንዱ ላይ እንኳ አንሰማውም።

ስለ ጌራ ብዙ የማይነገር አንድ ነገርም አለ። ከእንግሊዝ ሃሪ ጊብስ እንዲዳኝ ታስቦ ነበር፤ የተቃወመው የሃግለር ወገን ነው፤ በምትኩ የመጣው ጌራ ነው። ዳኛን ማስቀየር በቦክስ ያለ መብት ነው። ያስቀየረ ወገን ግን የሚመጣውን አይመርጥም።

ቀጥሎ በክርክሩ ውስጥ እንደ ሕግ የሚጠቀስ፣ ሕግ ግን ያልሆነ ነገር አለ፦ «ሻምፒዮንን ለመጣል በግልጽ ማሸነፍ ያስፈልጋል»። በነጥብ አሰጣጥ መመሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እያንዳንዱ ዙር ከዜሮ ይጀምራል፤ ዳኛው ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለውንና የሌለውን እንዲለይ አልተጠየቀም። ሻምፒዮኑ ያለው ጥቅም አንድ ብቻ ነው፤ ጠቅላላ ውጤቱ አቻ ከሆነ ቀበቶው ከእሱ ጋር ይቀራል።

ይህን ሕግ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሃግለር ነበር። ኖቬምበር 30 ቀን 1979 በዚያው በሲዘርስ ፓላስ ቪቶ አንቱኦፈርሞን ለመካከለኛ ክብደት ቀበቶ ገጠመው። 15 ዙር ተፋለሙ፤ አንድ ዳኛ ለሃግለር፣ አንድ ለአንቱኦፈርሞ፣ አንዱ እኩል ጻፉ። አቻ ተባለ፤ ቀበቶው ከአንቱኦፈርሞ ጋር ቀረ። በዚያው ምሽት በዚያው ሪንግ ላይ ሌናርድ ዊልፍሬድ ቤኒቴዝን በ15ኛው ዙር አስቁሞ የመጀመሪያውን የዓለም ቀበቶ ወሰደ። እንግዲህ በ1979 ሃግለርን ባዶ እጁን የመለሰው የአቻ ሕግ በ1987 ያድነው ዘንድ የቀረው በሞሬቲ ወረቀት ላይ አንድ ዙር ነበር። የሃግለርን መራርነት መረዳት የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

አሁን ስለ ውሉ። የሌናርድ ወገን ከግጥሚያው በፊት ሦስት ነገር ጠየቀ፦ 12 ዙር እንዲሆን፣ ጓንቱ በ8 አውንስ ፈንታ 10 አውንስ እንዲሆን፣ ሪንጉ ጎኑ 20 ጫማ እንዲሆን። ሃግለር በምትኩ ከፍ ያለውን ክፍያ ወስዶ ተስማማ። ይህ ተንኮል አይደለም፤ ሁለቱም የፈረሙት ውል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሚሠራ ግን ማወቅ ይገባል።

ጎኑ 20 ጫማ የሆነ ሪንግ ወደ 37 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ጎኑ 18 ጫማ የሆነው 30 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ጫማ ብቻ ስትጨምሩ ወለሉ በሩብ ያህል ያድጋል። ወደፊት የሚገፋ ቦክሰኛ የሚኖረው ሜዳውን በማጥበብ ነው፤ ተጋጣሚውን ተከትሎ ሳይሆን መንገዱን ዘግቶ ወደ ገመድ ይነዳዋል። ወለሉ ሲሰፋ ለመዝጋት የሚያስፈልገው እርምጃ ይበዛል፣ ለሚያፈገፍገው ደግሞ መውጫው ይበዛል። ጓንቱም እንዲሁ ነው፤ 8 አውንስ 227 ግራም፣ 10 አውንስ 283 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ 56 ግራም ነው፤ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጨመረው ልስላሴ ነው፤ ለመከላከያም ሰፋ ያለ ጋሻ ይሆናል። ከባድ ቡጢ የሚወረውረው ሃግለር ከዚህ ያጣል፣ ፈጣኑና ከ147 ፓውንድ የክብደት ምድብ ወደ 160 የወጣው ሌናርድ ያተርፋል።

ስለ 12 ዙር የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። 12 ዙርን የፈጠረው ሌናርድ አይደለም። በኖቬምበር 1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ በደረሰበት ጉዳት ከሞተ በኋላ የዓለም የቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያዎቹን ከ15 ወደ 12 ዙር አውርዶ ነበር። ሆኖም 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ዙር ቢኖሩ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ባዶ አይደለም፤ ለሁለቱም ይሠራልና። ሃግለር በኖቬምበር 1983 ሮቤርቶ ዱራንን ሲገጥም ከ13ኛው ዙር በኋላ ዱራን በሁለት ዳኞች ወረቀት በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር፤ ሃግለር ያሸነፈው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ወስዶ ነው። ሌናርድም ሴፕቴምበር 16 ቀን 1981 ከቶማስ ሄርንስ ጋር ሲገጥም በሦስቱም ወረቀት እየተመራ ቆይቶ በ14ኛው ዙር አስቆመው። ያ ግጥሚያ 12 ዙር ቢሆን ኖሮ ሄርንስ በነጥብ አሸናፊ ነበር። ስለዚህ «15 ዙር ቢሆን ሃግለር ያሸንፍ ነበር» የሚል ሰው በዚያው አፉ «በ1981 15 ዙር ባይሆን ሌናርድ ይሸነፍ ነበር» ማለት አለበት። ዙር ማስረዘምና ማሳጠር ለወደድነው ብቻ የምንጠቀምበት መሣሪያ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ ግጥሚያውን እንዴት ማየትና እንዴት ነጥብ መስጠት እንደሚገባ። ይህን የምንዘረዝረው ክርክሩ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አሥራ ሁለቱንም ዙር የያዘ ሙሉ ቪዲዮ ያስፈልጋል። ተቆራርጦ የተቀናበረ ቪዲዮ አይሠራም፤ ምክንያቱም ቆራጩ የሚመርጠው የሚያምረውን ነው፤ በዚህ ግጥሚያ የሚያምረው ደግሞ የሌናርድ እጅ ነው። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። የተንታኞቹ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያሳስተው፤ የተመልካቹ ጩኸትም ያሳስታል። በዚያ ምሽት ሌናርድ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር፣ ቡጢው ጓንት ላይ ቢያርፍም፣ ጩኸቱ ይነሣ ነበር። ጆሮ ዓይንን ይመራል።

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ለእያንዳንዱ ዙር ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ የመጨረሻው ሠላሳ ሴኮንድ፣ ውሳኔ። በሌናርድ ማዕዘን የነበረው የረዳቶቹ ቡድን የዙሩ መጨረሻ 30 ሴኮንድ ሲቀረው ከውጭ በጩኸት ያሳውቀው ነበር፤ እሱም ያኔ ፈጣን ቡጢ ያዘንባል። ዳኛ የሚጽፈው ደወሉ እንደተደወለ ስለሆነ የመጨረሻው ነገር ዓይኑ ላይ ይቀራል። ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ካልጻፋችሁ እናንተም በዚያው ወጥመድ ትገባላችሁ። በመጀመሪያው ዓምድ «ሃ» ጽፋችሁ በሁለተኛው «ሌ» ከጻፋችሁ፣ ሠላሳው ሴኮንድ መቶ ሃምሳውን ሴኮንድ ለመሸፈን ይበቃ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። አንዳንዴ ይበቃል፤ አንዳንዴ አይበቃም።

ውሳኔውን በእረፍቱ አንድ ደቂቃ ውስጥ ጻፉ። ወደ ኋላ መልሳችሁ አትዩ፤ ዝግታ ጨምራችሁም አትዩ። ዝግታ ደካማውን ቡጢ ከባድ ያስመስለዋል፤ ዳኞቹም ያዩት በአንድ ፍጥነት አንድ ጊዜ ነው። 10 ለ 10 መስጠት የተከለከለ ባይሆንም አትለምዱት፤ ከጥርጣሬ መሸሻ ይሆናል። ከውሳኔው አጠገብ ግን አንድ ምልክት አድርጉ፦ ዙሩ ግልጽ ከሆነ «ግ»፣ ጠባብ ከሆነ «ጠ»። ይህ ምልክት ከነጥቡ ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ምን ይቆጠራል? አራት ነገር ነው፦ ንጹሕና ጠንካራ ምት፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ ሪንጉን መቆጣጠር፣ መከላከል። ከአራቱ ቀዳሚው ምት ነው። ክንድና ጓንት ላይ ያረፈ ቡጢ ብዛቱ የቱንም ያህል ቢሆን ንጹሕ ምት አይባልም፤ ለሌናርድ የሚያዳሉ ይህን ይረሱታል። ወደፊት መሄድም ብቻውን ማጥቃት አይደለም፤ እየሄደ ካልመታ፣ ይልቁንም እየተመታ ከሄደ፣ ውጤት ያለው ማጥቃት አይባልም፤ ለሃግለር የሚያዳሉ ደግሞ ይህን ይረሱታል። የዚህ ግጥሚያ ችግር ሁለቱም ስህተቶች በየዙሩ መቅረባቸው ነው፤ አንደኛው ሰው ጓንት ላይ ያዘንባል፣ ሌላው እየሳተ ይገፋል።

በግራኝ አቋሙ የሚታወቀው ሃግለር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በቀኝ አቋም ጀመረ። ለምን እንዳደረገው ብዙ ተብሏል፤ በሂሳብ ያስከፈለው ግን ግልጽ ነው። አብዛኛው ሰው ሁለቱን ዙሮች ለሌናርድ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ሃግለር በአንድ ወረቀት እኩል ለመውጣት ከቀሩት 10 ዙሮች 6፣ ለማሸነፍ 7 መውሰድ ነበረበት። ለዚህ ግጥሚያ ውጤት አንድ ምክንያት ብቻ ጥቀሱ ብንባል ከዳኞቹም ከውሉም በፊት የምንጠቅሰው ይህን ነው፤ ስድስት ደቂቃ በነጻ ሰጠ።

5ኛው ዙር መጨረሻ አካባቢ ሃግለር በቀኝ አፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚወረወር ቡጢ) ሌናርድን ነቀነቀው፤ ጉልበቱ ሲከዳው ይታያል። ሌናርድ ከዚህ በኋላ ድካም ጀመረው፤ ከግንቦት 1984 ወዲህ ወደ ሪንግ ያልወጣ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ መታየት ጀመረ። 9ኛው ዙር የምሽቱ እምብርት ነው። ሃግለር በግራ መትቶት ማዕዘን ላይ ይዞታል፣ ሌናርድ ደግሞ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ከማዕዘኑ በቡጢ ወጣ። ይህ ዙር የዳኝነት ፈተና ነው፦ በማዕዘኑ ያረፈው ከባድ ምት ይበልጣል ወይስ የመውጫው ጥድፊያ? እኛ ለሃግለር እንጽፈዋለን፤ ምክንያቱም ሌናርድን ያስቸገሩት ምቶች ንጹሕ ነበሩ፤ የሌናርድ መልስ ግን ብዙው ትከሻና ጓንት ላይ ነው። ያም ሆኖ ለሌናርድ የጻፈ ሰው ዓይነ ስውር አይደለም። 10ኛው ቀዝቃዛ ነበር፤ 11ኛው ላይ ሌናርድ እግሩን መልሶ አገኘ። 12ኛው ዙር ላይ ሃግለር ሲገፋ ሌናርድ እየዘለለ ክንዱን ወደ ላይ ያነሣ ነበር። ክንድ ማንሣት ነጥብ የለውም፤ እባካችሁ አትቁጠሩት።

ነጥቡ ከተደመረ በኋላ ወደ «ግ» እና «ጠ» ተመለሱ። «ዝርፊያ» የሚለውን ቃል መጠቀም የሚፈቀደው መቼ እንደሆነ የምንለካበት መስፈርት ይህ ነው፦ ጠባብ ያላችኋቸውን ዙሮች በሙሉ ለታወጀው አሸናፊ ስጡ። ይህን አድርጋችሁም ተሸናፊው ቢያንስ 7 ግልጽ ዙሮች ካሉት፣ በዚያ ምሽት ዝርፊያ ተፈጽሟል። ከሌሉት ግን ያለው ልዩነት የዓይን ልዩነት ነው፤ የሚያሳዝን ሊሆን ይችላል፣ ወንጀል ግን አይደለም። በዚህ መስፈርት ከሄድን በእኛ ወረቀት ሃግለር 7 ግልጽ ዙር የለውም። ሌናርድም 7 ግልጽ ዙር የለውም። ስለዚህ 115 ለ 113 ለሁለቱም አቅጣጫ የሚከበር ወረቀት ነው፤ 118 ለ 110 ግን ለማንም ሊሟገቱለት የሚቻል አይደለም።

የቡጢ ቆጠራውን በተመለከተ አጭር ቃል። ቡጢ የሚቆጥረው ድርጅት ኮምፒዩቦክስ የመዘገበው ሌናርድ ከ629 ቡጢ 306፣ ሃግለር ከ792 ቡጢ 291 እንዳሳረፉ ነው። ልዩነቱ በጠቅላላ 15 ነው፤ በዙር አንድ ቡጢ ገደማ። ይህ ቁጥር ሌናርድ የበለጠ ንጹሕ እንደነበር ያሳያል፤ ሃግለር 501 ጊዜ ስቷል። ነገር ግን ቆጠራውን የሚሠሩት ሪንጉ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አንድን ቦክሰኛ ብቻ እየተከተለ ቁልፍ ይጫናል። የምቱን ክብደት አይመዝኑም። ከዚህም በላይ ቦክስ የሚዳኘው በዙር እንጂ በድምር አይደለም፤ አንዱ በሁለት ዙር ብዙ አሳርፎ በቀሩት በጥቂቱ ቢበለጥ ድምሩን አሸንፎ ግጥሚያውን ይሸነፋል። ስለዚህ 306 እና 291ን እንደ ፍርድ ወረቀት አድርጎ በአየር ላይ ማንበብ አድማጭን ማሳሳት ነው።

ሦስቱ ዳኞች ለምን ተለያዩ ለሚለውም መልሱ ሁልጊዜ ጉቦ አይደለም። የሚቀመጡት በሦስት የተለያዩ የሪንጉ ጎኖች ነው። ሌናርድ ጀርባውን ለሰጠው ዳኛ የሃግለር የሆድ ምት አይታይም፤ በተቃራኒው ለተቀመጠው ይታያል። የመሐል ዳኛው ሰውነትም ይጋርዳል። እኛ በቴሌቪዥን የምናየው ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ የተነሣ፣ ሦስቱም ያላዩት አራተኛ አቅጣጫ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ምሽት ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሌላ ሚዛን ይመዘናል።

ሃግለር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1980 በለንደን ዌምብሌይ አለን ሚንተርን በ3 ዙር አስቁሞ ቀበቶውን ሲወስድ ከተመልካቹ ጠርሙስ ዘነበበት፤ ድሉን ሳያከብር ነው ከሪንጉ የወጣው። ከዚያ ወዲህ 12 ጊዜ ቀበቶውን ተከላከለ፤ ከ12ቱ ተጋጣሚዎች እስከ መጨረሻው የቆመ ዱራን ብቻ ነው። ሄርንስን በኤፕሪል 1985 በ3 ዙር፣ 8 ደቂቃ ገደማ በፈጀ ፍልሚያ ጣለው። በማርች 1986 የገጠመው ኡጋንዳዊው ጆን ሙጋቢ እስከዚያ ቀን 25 ተጋጣሚዎቹን በሙሉ በዝረራ ያሸነፈ የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነበር፤ 11ኛው ዙር ላይ አበቃለት። ሃግለር በ67 ግጥሚያ 62 አሸንፎ፣ 3 ተሸንፎ፣ 2 አቻ ወጣ፤ 52ቱ በዝረራ ናቸው። በወጣትነቱ ያሸነፉትን ቦቢ ዋትስንና ዊሊ ሞንሮን መልሶ ገጥሞ አሸነፋቸው፤ አቻ የተለያየውን አንቱኦፈርሞንም እንዲሁ። ሳይመልሰው የቀረው አንድ ሰው ሌናርድ ብቻ ነው፤ መልስ ጨዋታው አልተሰጠውም፤ በ1988 ጓንቱን ሰቀለ።

ሌናርድ ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቀው የሜሪላንድ ፓልመር ፓርክ ያደገ ነው፤ በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በየቀኑ የምታልፉበት ምድር ነው። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወርቅ፣ ከዚያም ቤኒቴዝ፣ ዱራን፣ ሄርንስ፣ ሃግለር። ያልተሸነፈውን ኡጋንዳዊ አዩብ ካሉሌን በ1981 አንድ የክብደት ምድብ ከፍ ብሎ አስቆመው። በግንቦት 1982 ዓይኑ በሬቲና መላቀቅ በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ ሙያው በመካከሉ የተቆረጠው ለዚህ ነው። ካሸነፋቸው ሰዎች ስም ጥራት አንጻር በዘመኑ የሚስተካከለው የለም። ግን ይህም ጥንቃቄ ይሻል። በ1988 ዶኒ ላሎንዴን ገጥሞ በአንድ ምሽት የሁለት ክብደት ቀበቶ ወሰደ ሲባል፣ የቀላል ከባድ ክብደት ሻምፒዮኑ ላሎንዴ ወደ 168 ፓውንድ እንዲወርድ ተደርጎ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት። በጁን 1989 ደግሞ ሄርንስ ሁለት ጊዜ ጥሎት ግጥሚያው አቻ ተባለ። በ1987 ጠባቡ ወረቀት ለሌናርድ ስለወጣ የሚደሰት ሰው በ1989 ሄርንስን ምን እንዳገኘው ይመልከት።

የእኛ አቋም ይህ ነው፤ እንደ አቋም ያዙት። በመካከለኛ ክብደት ታሪክ ሃግለር ከሌናርድ ይበልጣል፤ ሌናርድ በዚያ ክብደት ላይ የነገሠው ለአንድ ምሽት ነው፣ ሃግለር ለስድስት ዓመት ተኩል። በክብደት ሳይወሰን፣ ማን ማንን አሸነፈ በሚለው ሚዛን ግን ሌናርድ ይቀድማል። እነዚህ ሁለት ፍርዶች አይጋጩም፤ የኤፕሪል 6ቱ ውጤት በተቃራኒው ታውጆ ቢሆን እንኳ ሁለቱም አይነቃነቁም ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

የፕሮግራም አዘጋጆች፦ ይህን ግጥሚያ ስታነሡ ሦስቱን ወረቀቶች በቁጥር አንብቡ፤ ከእንግዳችሁም ሦስት ጥያቄ ለየብቻ ጠይቁ፦ በዚያ ምሽት ማን አሸነፈ? ውሉ ማንን ጠቀመ? በጠቅላላ ሥራ ማን ይበልጣል? እንግዳው የአንዱን መልስ ለሌላው ሲያውለው አቁሙት። አድማጭ እንዲደውል ስትጋብዙ «ዝርፊያ ነው» የሚለውን «የትኞቹ ሰባት ዙሮች?» በሉት። ቪዲዮ የምታሳዩ ከሆነ ቢያንስ 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 5ኛውን፣ 9ኛውንና 12ኛውን ዙር ሳትቆርጡ፣ ያለ ተንታኝ ድምፅ አሳዩ፤ አስተያየታችሁን ከደወሉ በኋላ ተናገሩ።

ወዳጆች፦ ነጥብ የሰጣችሁበትን ወረቀት አስቀምጡ። ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ሳታዩ እንደገና ስጡ፤ ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። የተለወጡት ዙሮች በአብዛኛው «ጠ» ያደረጋችሁባቸው ናቸው፤ ልንከራከርባቸው የሚገባን ዙሮችም እነሱ ናቸው። የዙሮቹን ቁጥርና ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኛም የራሳችንን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የቦክስ ግጥሚያዎችን በነጥብ እየመዘገቡ የሚከታተሉ ወዳጆች